የማይንቀጠቀጡ እጆች

ትርሲት ጠዋት ጠዋት የሞተ ሰው እጅ ታጠልቃለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራዋ ይኸው ነው። ጨረቃን በምትዞረው የቤተ መዛግብት መንኮራኩር ውስጥ “እጅ አንባቢ” የሚባል ማሽን አለ፤ የጥንት የአሜሪካ ካርቱን ሠዓሊ ወረቀት ላይ የተወውን መስመር አንብቦ፣ የሰውየው እጅ የት እንደከበደና የት እንደፈጠነ እጅን ለሚመራ የየዘመኑ ጓንት ያስተምራል። ትርሲት ጓንቱን አጥልቃ ከሠዓሊው ፊልም መሐል የጠፉትን ሥዕሎች በሟቹ እጅ ትስላለች።

ያን ቀን የ1920ዎቹን ጓንት አነሳች። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ክንድና እግር ሲስሉ አጥንት አያውቁም፤ እንደ ውሃ ጎማ ያወዛውዙታል፤ እጃቸውም አብሮ ይጨፍራል። ዛሬ ግን ጓንቱ ቀጥ አድርጎ አሰመረና ቆመ።

የ1940ዎቹን ሞከረች። እነዚያ ድቡልቡል ጉንጭ ለማዞር የማይቸኩሉ፣ የገጸ ባሕሪውን ክብደት እስከ ጫማው የሚያወርዱ ነበሩ። ያው ቀጥ ያለ መስመር መጣ። ቴሌቪዥን እያጣደፋቸው ሰውነቱን ገትረው አፉን ብቻ ያንቀሳቅሱ የነበሩትን የ1960ዎቹንም አጠለቀች። ያው ነው! የስንቱ ዘመን ሰው ሁሉ አንድ እጅ ሆኗል።

ቆሽቷ አረረ። እጅ አንባቢው የሚያነብበት ጨረር ወረቀቱን ዐመድ ያደርገዋል፤ ተመልሶ የሚነበብ ነገር የለም። ያልተነካ አንድ ሣጥን ብቻ ቀርቷል፣ የ1930ዎቹ መጨረሻ። እሱም ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። አሁን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ጓንቱን ወርውራ ሮጠች።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ መርዕድ ማሽኑ አጠገብ የሣጥኑን ክዳን እየከፈቱ ሳለ ደረሰች።

“ያቁሙት!”

“ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?”

“ይኼ የተረገመ ብረት ሰዎቹን አንድ አድርጎ ጨፈለቃቸው! ወረቀታቸው ዐመድ ሆኗል፣ የያዝነው ደግሞ የማንም እጅ አይደለም። እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ምን ይጠብቃሉ?”

ጋሽ መርዕድ አልተቆጡም፤ ይህም ባሰባት። “ማሽን ከራሱ አያወጣም፤ ማን እንዳስተማረው እንይ” ብለው የትእዛዞቹን መዝገብ ከፈቱ።

“ንዝረት፤ ይወገድ። ያዘዘችው፦ ትርሲት።” ከሥሩም ያው። ከሥሩም ያው። አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ።

ጓንቱ ሲንቀጠቀጥ የእጅ አንጓ ያማል። ስለዚህ በመንኮራኩሯ ያለ የጓንት ሠራተኛ ሁሉ የማሽን ብልሽት ነው ብሎ “ይወገድ” የሚለውን ይጫናል። ማሽኑም ትእዛዙን ተምሮ፣ አሁን የጓንቶቹን ሁሉ ንዝረት በራሱ ጠርጎታል። ትርሲት ደግሞ ከሁሉም ፈጣኗ ነበረች፤ ተሸልማበታለች።

“የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ” አሉ ጋሽ መርዕድ።

“አይተርቱብኝ! ‘ሲንቀጠቀጥ ተጫኚ’ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?”

ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው፣ “እኔ ነኝ” አሉ።

ትርሲት የምትጮህበት ሰው አጣች። ሣጥኑን ከእጃቸው ነጥቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያውን ወረቀትም አወጣች። ሆዱን ይዞ የሚስቅ ውሻ ነው። ጆሮው ላይ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ እርሳሱ ወረቀቱን ሊቀድ ደርሷል። ኅዳጉ ላይ ሠዓሊው በትንንሽ ፊደል ጽፏል፦ “ሰባተኛ ጊዜ። አለቃው አሁንም ይደገም አለ።”

ደጋግማ አነበበችው። ይኼ ሰው ለአለቃው በአፉ መናገር ያልቻለውን ንዴት፣ ልጆች እንዲስቁበት በሚስለው ውሻ ጆሮ ውስጥ ቀብሮት ሄዷል። እሷ ደግሞ የእሱን ብጤዎች አንጓዬን አመመኝ ብላ አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ጠርጋ ጥላቸዋለች። በራሷ አፈረች፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

ንጹሕ ስስ ወረቀት ከላዩ ደርባ፣ ያለ ጓንት በባዶ እጇ ልትገለብጠው እርሳስ ያዘች።

“ስንት ሥዕል ነው?” አሉ ጋሽ መርዕድ።

“አራት ሺህ።”

“ለብቻሽ አትዘልቂውም።”

“እንግዲያው እርሳስ ያምጡና አጠገቤ ይቀመጡ!”

ሽማግሌው ማሽኑን አጥፍተው እርሳስ ፍለጋ ሄዱ። ትርሲት ከውሻው ሆድ ጀምራ መስመሩን ወደ ላይ ተከተለችው። ጆሮው ጋ ስትደርስ እጇ ተንቀጠቀጠ። አላቆመችም፤ ሟቹ በተናደደበት ቦታ ተናደደች።