ከዜሮ በታች

«እኔ እያለሁ ወንድሜን የሚያስር ገና አልተፈጠረም! ይቺ አፌ ከስንት ማጥ ጎትታ አውጥታዋለች፤ ዛሬም ታወጣዋለች!»

ይህን ያለችው ፈንዲሻ ናት። ቅጽል ስሟን ያወጣላት ራሱ ወንድሟ ነው፤ አፏ እንደተጣደ ፈንዲሻ ስለሚንጣጣ። ተራራው የሚተፋው አመድ ትምህርት ቤቷን ካዘጋው ወዲህ፣ ወንድሟ በቴክኒሻንነት የሚሠራበት የእሳተ ገሞራ መከታተያ ጣቢያ ትውላለች። የፎከረችውም የጣቢያው ሾፌር «የጣቢያውን መለኪያዎች የሚይዘው ማን ሆነና! ወንድሟ አይደል!» ብሎ ሲያጉረመርም ሰምታ ነው። ከእግሯ አጠገብ፣ በረንዳው ላይ፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ አስከሬን ባይኖር ኖሮ ፉከራው ያስቅ ነበር።

ሟቹ የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። ጋሼ ረመጥ ይሏቸዋል። ከተራራው ጋር አብረው አርጅተው ኮታቸው ሁልጊዜ ድኝ ድኝ ይሸት ነበር። እነዚህን ወላጅ የሞተባቸው ወንድምና እህት ያሳደጉ፣ ወንዱንም ሙያ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከጣቢያው በታች ባለው የመሣሪያ ጉድጓድ ውስጥ፣ እንደተንበረከኩ ሞተው ተገኙ። ሾፌሩና ቴክኒሻኑ ጉድጓዱን በማራገቢያ አናፍሰው በገመድ አወጧቸው።

መርማሪዋ ጸጉሯ የሸበተ አጭር ሴት ናት። ለመስማት እንጂ ለመናገር አትቸኩልም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። ቁስል የለም፤ የመታነቅ ምልክት የለም። ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለው የጋዝ መለኪያ ግን አሁንም ይሠራል።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

«ከዜሮ በታች ስምንት» አለች ፈንዲሻ ማንም ሳይጠይቃት። «እኔ እንኳ በሒሳብ ፈተና ከዜሮ በታች አምጥቼ አላውቅም!»

የሳቀ ሰው አልነበረም። መርማሪዋ መለኪያውን ፈትታ ኪሷ ከተተችው።

መጀመሪያ ሾፌሩን ጠየቀችው። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆመ።

«ትናንት እኔና ምክትል ኃላፊዋ ቀኑን ሙሉ ከተማ፣ ስብሰባ ላይ ነበርን። ማታ ተመለስን። ዛሬ ጠዋት ገና እንደተያዩ እሷና ጋሼ ተያያዙ።»

«በምን?»

«በቀለም! እሷ ቀይ ትላለች፣ እሳቸው ቢጫ። ቢጫ ማለት ተጠንቀቁ ነው፤ ቀይ ማለት መንደሩ ዕቃውን ጠቅልሎ ይውጣ።»

ምክትሏ መቅጃ ክፍል ውስጥ ነበረች። መስኮቱን አመድ ሸፍኖታል፤ መርፌዎቹ የተራራውን መንቀጥቀጥ ወረቀት ላይ እየጫሩ ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል። የተራራው ጎን እያበጠ ነው፤ ሰው ይውጣ አልኩ። እሳቸው ‹ሰው በጥርጣሬ ከቤቱ አይነቀልም። ወርጄ ልለካ፤ ጋዙ ከጨመረ አምንሻለሁ› ብለው ወረዱ። ከዚያ በሬዲዮ ጠሩኝ።»

«ምን አሉ?»

«‹ዜሮ ነው ልጄ፤ ቢጫው ይቆይ› አሉ። ከዚያ በኋላ ብጠራ፣ ብጠራ...»

«ይህን ሌላ ማን ሰማ?»

«ማንም።»

«አይ ውሸት!» አለች ፈንዲሻ ከበር። «ወንበሩን ፈልጋ ነው!»

«ወንበሩ ይቃጠል!» ብላ ምክትሏ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

መርማሪዋ ምክትሏን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። አፋፉ ላይ ተንበርክካ በባትሪ አበራች። ታች፣ ከመሣሪያው ሽቦ አጠገብ፣ አንዲት እንሽላሊት በጀርባዋ ተዘርራለች።

«ይቺን ምን ገደላት?»

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ» አለች ምክትሏ። «ተራራው የሚተነፍሰው ነው። ሽታ የለውም። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ታች ይተኛል። ቆመው ቢተርፉ፣ ሲንበረከኩ ይውጥዎታል።» ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ግን እኮ ዜሮ ነው ብለውኛል። መለኪያው ቢጮህ ይወጡ ነበር። ጋሼ እንዲህ ባለ ነገር አይቀልዱም።»

መርማሪዋ ልብሷን አራግፋ ወደ ወርክሾፑ ሄደች።

ቴክኒሻኑ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። እህቱ አጠገቡ እንደ ጠበቃ ቆማለች።

«ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ትናንት እኔ...»

«ትናንት እሱ ታሞ ነበር!» አለች ፈንዲሻ። «ራሱን ይዞ መጣ። አስመለሰው። አልጋ ላይ ተጋድሞ እንደ ሯጭ ያለከልክ ነበር። ‹ጠጥተህ ነው እንዴ!› ብዬ ሁሉ ሰደብኩት። እንዲህ የሆነ ሰው ማንን ይገድላል?»

«ኢንስፔክተር፣ መለኪያውን...»

«መለኪያውን ዛሬ አልነካውም! አርፍዶ ነው የገባው። ጠዋት አንጀቴን በላኝና አልቀሰቀስኩትም። ጋሼ ሲወርዱ እሱ እንቅልፍ ላይ ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ!»

«ፈንዲሻ፣ እባክሽ...»

«አንተ ዝም በል፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

መርማሪዋ ልጅቷን ሳይሆን ልጁን ነበር የምታየው። ዓይኑን ሰበረ።

ከምሳ በኋላ ሁሉንም መቅጃ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ አመድ የሚመዘንበት ሚዛን ነበር። መርማሪዋ ከመደርደሪያ አንድ ድንጋይ አንስታ አስቀመጠችበት፤ ከዚያ የዜሮ ቁልፉን ተጫነች። ሚዛኑ ዜሮ አለ።

«ድንጋዩ ክብደት የለውም ማለት ነው?»

«እንዴ፣ አለው እንጂ!» አለ ሾፌሩ። «ተሸወደ እኮ ሚዛኑ።»

ድንጋዩን አነሳችው። ሚዛኑ ከዜሮ በታች ወረደ። ከኪሷ የጋዝ መለኪያውን አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው፤ እሱም ከዜሮ በታች ስምንት ይላል።

«ምክትሏ አልዋሸችም» አለች መርማሪዋ። «ጋሼም ያዩትን ነው የተናገሩት። ይህ መለኪያ ዜሮውን የሚይዘው የት ነው?»

«በረንዳው ላይ» አለች ምክትሏ በቀስታ። «ሁልጊዜ ጠዋት፣ ንጹህ አየር ላይ።»

«አንድ ሰው ግን ጋዝ ውስጥ ቆሞ ‹ዜሮህ ይሄ ነው› አለው። ከዚያ ወዲህ መርዙን እንደ ንጹህ አየር ቆጠረው። ይህን ያደረገ ሰው ያንኑ አየር ተንፍሷል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ማለክለክ ይይዘዋል። ትናንት ሁለታችሁ ከተማ ነበራችሁ። ጋሼ ደህና ነበሩ። የታመመው አንድ ሰው ነው።»

ፈንዲሻ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለ ሾፌሩ ለራሱ።

ቴክኒሻኑ ተነሳ።

«እኔ ነኝ። መለኪያው ካረጀ ወዲህ በትንሹም በትልቁም ይጮህ ነበር፤ ሁላችንም ለምደነዋል። ትናንት ጋሼ ሽቦ ቀይር ብለውኝ ወረድኩ። ጮኸ። እንደ ልማዱ ነው ብዬ የዜሮ ቁልፉን ተጭኜ ዝም አሰኘሁት። ጩኸቱ እውነት እንደነበር የገባኝ ራሴን ሲያመኝ ነው፤ ጠዋት በረንዳ ላይ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ጋሼ ቀደሙኝ። እኔ ነክቼው ስለነበር አምነውት፣ ዜሮውን እንደገና ሳያስይዙ ወረዱ።»



ምክትሏ ተነስታ ግድግዳው ላይ ያለውን ቢጫ ሰሌዳ አወረደች፤ ቀዩን ሰቀለች። ሬዲዮኑን አንስታ መንደሩ እንዲወጣ ትእዛዝ አስተላለፈች። ከዚያ በረንዳ ወጥታ ከብርድ ልብሱ አጠገብ ተንበረከከች።

«ጨምሯል ጋሼ» አለች። «አሁን ያምኑኛል።»

ከታች የመንደሩ ማንቂያ ይጮህ ጀመር። መርማሪዋ ልጁን ክንዱን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችው፤ ካቴና አላሰረችውም። ፈንዲሻ አመዱን እያቦነነች ሮጣ ደረሰችባቸው። እንባና አመድ ፊቷ ላይ ጭቃ ሆኗል።

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩህ!» አለች። «የኔ አፍ ነው! አንተ ዝም ብለህ ሳለ እኔ ነኝ ሁሉን ያወጣሁት!»

ወንድሟ የመኪናውን በር ይዞ ቆም አለ።

«ዝም ብለሽ አትጎርሪ» አላት። «እኔ ልናገር ሦስቴ አፌን ከፈትኩ። መች ተራ ሰጠሽኝ?»