ናሌዲን የማይገድል ታሪክ

«ሹፌሯን ግደያትና ጨርሺው» አለ ፈሪድ በዋትሳፕ ቮይስ።

ራኒያ ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል የሩዝ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። የኮሮናው ሎክዳውን ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ያደጉት የሐበሻ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ፊደል አይለዩም። ስለዚህ የጻፈችውን ታሪክ በየቀኑ እያነበበች ለዋትሳፕ ግሩፑ ትልካለች።

በታሪኩ ሙታን ተነስተው ከተማዋን ይበላሉ። የታክሲ ሹፌሯ ናሌዲና ነርሷ ሰብሪና የተረፈውን ሰው ጭነው ይሸሻሉ። በአስራ አንድ ክፍል ሁለት መቶ ሰው ተበልቷል፤ አንድ የሂሳብ መምህር ከነመነጽሩ ተውጧል። ከግሩፑ አርባ ልጆች አንድም ቅር ያለው አልነበረም። በአስራ ሁለተኛው ናሌዲ የሰብሪናን እጅ ይዛ «እወድሻለሁ» አለቻት። ያን ጊዜ ሁሉም ጨዋ ሆነ። አንጀት ሲጎተት እየሳቀ የሰማ ሁሉ አሁን አቅለሸለሸው።

«ለምን ትሞታለች?» ብላ ራኒያ ለፈሪድ ላከች።

«ኤሽ፣ ፊልም አታዪም እንዴ? እንዲህ ዓይነቶቹ መጨረሻቸው እሱ ነው። አንዷ ትሞታለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፣ እኛም እናዝናለን። እምቢ ካልሽ ግን ለአባትሽ ፎርዋርድ አደርገዋለሁ። ላንቺው ብዬ ነው።»

ከዛቻው በላይ የናቀችው ይቺን «ላንቺው ብዬ» ነበር። ግሩፑን ስለከፈተ ብቻ ከንቲባ የሆነ የሚመስለው ልጅ! ቢሆንም ፈራች። ናሌዲ የተናገረችው ራኒያ ለማንም ያልተናገረችውን ነው። አባቷ ያንን ከፈሪድ አፍ ሊሰማ ነው።

ከኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ጓደኛዋ ሰሚያ በእንግሊዝኛ ፊደል በግል ጻፈችላት፦ «አትግደያት ፕሊስ። እንደሷ ያለች እስካሁን ተርፋ አላየሁም።» ግሩፑ ላይ ግን «ትሙት» ለሚለው አውራ ጣቷን ያነሳችው ይህችው ሰሚያ ናት። ራኒያ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። እሷስ ምን ትለያለች? የናሌዲን ሞት ትናንት ጽፋው ነበር። ያምር ነበር። ደግማ ስታነበው ፈሪድ የጻፈው መሰላት፤ በራሷ አፈረች።

ወረቀቱን ቀደደችና ስልኩን አፏ ጋ አስጠግታ አዲስ መጨረሻ ቀዳች። ናሌዲ ሞተሩን አስነሳች፤ ሰብሪና አጠገቧ ተቀምጣ በየት እንሂድ ብላ ተከራከረቻት። ማንም አልሞተም።

ግሩፑን አልፋ «አባ» የሚለውን ከፈተች። አስራ ሁለተኛውንና አዲሱን ክፍል መርጣ ላከችው።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ፣ የአባቷ የዩሱፍ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ የራሷን ድምፅ ሰማች። ዩሱፍ ዳቦ የምትገዛውን ሴት «ዋን ሚኒት፣ ማ» አላት።

«ራኒያ? ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው?»

ማስኳን አጥልቃ ወጣችና አጠገቡ ቆመች።

«የኔ ነው፣ አባ። እስከ መጨረሻው ስማው።»