ባዶ ቤት አይጣሩም

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባይደርስ ደስታዬ ነበር። የማወራችሁ የሚያኮራኝን ነገር አይደለም።

በፈረንጆቹ 2014፣ ሰኔ ላይ፣ ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት። ፀሐይዋ ገና አናት ታቃጥላለች።

የታናሽ ወንድሜ የናትናኤል ሰርግ ነበር። እኔ አንደኛ ሚዜ ነኝ። ለፎቶ የሄድነው እዚህ አሜሪካ፣ ሊቶኒያ የምትባል ከተማ፣ ድሮ ግራናይት ይወጣበት የነበረ የድንጋይ ካባ ጋ ነው። እዚያ አንድ ፍርስራሽ አለ። ድንጋዩን የሚጎትተው የእንፋሎት ሞተር የቆመበት ቤት ነበር አሉ። አሁን ጣራ የለውም፤ ግድግዳና አንድ በር ብቻ ነው የቀረው። ውስጡን ሣር ውጦታል።

ሙሽሮቹ እዚያው ካባው ውስጥ ካለው ኩሬ ጋ ፎቶ ሲነሱ እናቴ ክንዴን ያዘች። ጉልበቷን ስለሚያማት ያለ ምርኩዝ አትሄድም።

"ታዲ፣ እስቲ ጥላ ፈልግልኝ።"

ወደ ሞተር ቤቱ ወሰድኳት። በሩ ጋ ስንደርስ ለጨዋታ ያህል፣ አገር ቤት እንግዳ እንደሚያደርገው...

"ቤቶች!" አልኩ።

የእናቴ ፊት ተለወጠ።

"ተው ልጄ... ባዶ ቤት አይጣሩም።"

ሳቅኩ። "እማዬ ደግሞ፣ አሜሪካ እኮ ነው።"

ያኔ ከውስጥ...

"ደጆች..."

በአማርኛ። ቀስ ብሎ፣ ገና ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው።

አየሁ። ማንም የለም። ሣሩ ግን ወደ እኛ አቅጣጫ እየተረገጠ ይተኛ ነበር...

"ግቡ..."

እናቴ ክንዴን አጥብቃ ያዘች። "ታዲ... እንዳትለቀኝ።"

ለቀቅኳት።

ጣቶቿን ከክንዴ ላይ ፈልቅቄ ሮጥኩ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ያውም ሱፍ ለብሼ። መኪናው ጋ እስክደርስ ዞር ብዬ አላየኋትም። ይሄን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ትንፋሼ ሲመለስ እናቴ እየመጣች ነበር። ቀጥ ብላ... ያለ ምርኩዝ።

"ምነው፣ ላብ በላብ ሆንክ?" አለችኝ።

ማታ አዳራሹ ውስጥ እስክስታ ወረደች። ዘመድ አዝማዱ "ሰርግ ጉልበት ይሰጣል" እያለ ሳቀ። እኔ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በሳምንቱ እዚያ የቀረውን ምርኩዟን ላመጣላት ብቻዬን ነዳሁ። ይቅርታ ለማለት አፌን ቢያስረኝ፣ እሱን እንኳ ላምጣላት ብዬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ፓርክ አድርጌ እስከ በሩ ሄድኩ።

ምርኩዙ ሣሩ ላይ ወድቋል። ላነሳው ጎንበስ ስል...

"ታዲ... መጣህልኝ?"

የእናቴ ድምፅ ነው። ከውስጥ፣ ከግድግዳው ጥግ። ሲያለቅስ የከረመ ድምፅ።

"ጉልበቴን አመመኝ... እጅህን ስጠኝ።"

እናቴ ሊልበርን ከተማ፣ እኔ ቤት ናት። ሶፋ ላይ ትቻት ነው የወጣሁት። ለራሴ ደጋግሜ እሱን ነገርኩት።

"ልጄ... እንዳትሄድ..."

ሄድኩ። እንደገና ሮጥኩ። ምርኩዙንም አላነሳሁትም።

ቤት ስገባ እናቴ እዚያው ሶፋ ላይ ናት። መኪና አትነዳም፤ ባለቤቴም እናቴ ከቤት እንዳልወጣች ነገረችኝ።

ምርኩዟ ጭኗ ላይ ነው። እርጥብ ሣር ተጣብቆበታል።

ቀና ብላ አየችኝ።

"የመጀመሪያውንስ፣ ጥሎኝ የሮጠው ደንግጦ ነው ብዬ ነበር" አለችኝ።