ሞተሩ ሣጥን ላይ ነበር

የምነግራችሁን ከሰው አልሰማሁትም፤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የሚስቅ ይሳቅ።

1961 ዓ.ም.፣ ዓቢይ ጾም፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ጋራዣችን ውስጥ።

ጋራዡ የታላቅ ወንድሜ የአያ ቢሆነኝ ነው። አባታችን ሲሞት አሳድገው ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረኝም።

መኪናዋ የባለ ርስቱ ልጅ የእንዳለው ነበረች። ደህና ቮልስዋገን ገዝቶ፣ ቆርቆሮዋን ገፎ ጥሎ፣ በየሜዳው ይጋልብባት ነበር። አገሩ «ራቁቷ» ይላታል። በመጨረሻ የማርሽ ካምቢዮዋን ሰባበረውና ሌላ፣ ታድሶ የተሠራ ካምቢዮ ይዞ መጣ።

«ከየት አገኘኸው?» አሉት አያ።

«አባይ በረሃ ከተገለበጠ ቮልስ።»

«ሾፌሩስ?»

«ሞቷል። ማርሹን እንደጨበጠ ነው ያወጡት።»

አያ እጃቸውን ከካምቢዮው ላይ አነሱ።

በእኛ ጋራዥ ሰው ከሞተበት መኪና የወጣ ዕቃ፣ ዶሮ ታርዶ ደም ሳይነካው አይገጠምም። በጾም ደግሞ ማን ያርዳል?

«እስከ ፋሲካ ይቆይ» አሉ።

እንዳለው ሳቀ። «ዛሬ ካልገጠማችሁ የአባቴን ቦታ ልቀቁ።» እስክንጨርስ ሊጠብቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

አያ በክሪክ ከተነሳችው መኪና ሥር ገቡ።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ካምቢዮ ለመግጠም መጀመሪያ ሞተሩ ይወርዳል። እኔው ራሴ አውርጄ በሩ አጠገብ ሣጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ካምቢዮው ገባ። አያ ቡሎኑን ማሰር ጀመሩ።

ያኔ... ማርሹ ተንቀሳቀሰ።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

«ማርሹን ነካኸው እንዴ?» አሉ ከሥር፣ በሹክሹክታ።

«አልነካሁም፣ አያ።»

«ዘይት ገና አልሞላንም አይደል?»

«አልሞላንም።»

«ታዲያ ፊቴ ላይ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?... ይሞቃል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፊታቸው በሙሉ ቀይ ነው።

«ይውጡ፣ አያ... ቀስ ብለው ይውጡ።»

«እጄን ይዞኛል።»

የተንጠለጠሉት የኋላ ጎማዎች መዞር ጀመሩ። ድምፅ የለም... ጎማው ብቻ ይዞራል። መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ዘላ ወረደችባቸው። የደረታቸው አጥንት ሲሰበር ሰማሁ።

እግራቸውን ይዤ ጎተትኩ። ወደፊት ሄደች፤ ተመልሳ በላያቸው ወጣች። ደግሞ ሄደች... ደግሞ ተመለሰች።

በስተመጨረሻ ቀለው መጡልኝ። ቀኝ ክንዳቸው ከትከሻቸው ተገንጥሎ ቀርቷል። ያ ቅለት እስከ ዛሬ ከእጄ ላይ አልጠፋም።

ራቁቷ ግድግዳው አጠገብ፣ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ ቆመች። ሞተሩ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

አያ መተንፈስ አቁመዋል። ለቀብር እንኳ ሙሉ ይሁኑ ብዬ ክንዳቸውን ፍለጋ ተነሳሁ። ከመኪናዋ ሥር አየሁ... የለም። ካምቢዮው አጠገብም የለም።

ቀና አልኩ።

ማርሹ ላይ ነው። የአያ እጅ፣ ከነግራሶ ቅባቱ፣ ማርሹን ጨብጦታል።

እያለቀስኩ ጣቶቹን ላላቅቅ ሞከርኩ። ይሞቃሉ። ይባስ ጠበቁ።

ከዚያ... ማርሹን አስገቡት።

እንዳለው ከፊቷ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሞ ነበር።