ገደብ የሌለው ጥበቃ

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ከክሊኒኩ ኮንቴይነሮች ስድስቱ ተነሱ፤ የቀጠሮው ብቻ አሻፈረኝ አለ። ኮንቴይነር ማለት አንድ ፕሮግራም ከሌሎቹ ተለይቶ በሩን ዘግቶ የሚኖርበት ክፍል ነው፤ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው የማስነሻ ስክሪፕቱ፣ ማለትም የትእዛዝ ጽሑፉ ነው። የቀጠሮውን ስክሪፕት የጻፈው ታጋሹ ነበር። ታጋሹ ከተቀበረ ዛሬ አስራ ስምንተኛ ቀኑ ነው።

«ታጋሹ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለት፣ አሁን ስክሪኑ ፊት የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባው ናት። ሥራ በጀመረችበት ቀን ኮንቴይነሯ አልነሳ ብሎ ላብ በላብ ስትሆን፣ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንቺ ችኩል፣ ዳታቤዙ ሳይነቃ እኮ ነው የምታስነሺው። መጀመሪያ ኮንቴይነሩ ዳታቤዙን ይጥራ፤ "መጣሁ" ሲባል ይነሳ።»

«መልስ ቢጠፋስ? የጊዜ ገደብ አታበጅለትም?»

«እስኪመጣ ይጠብቃላ!»

ሳቀች። ልቧም እዚያው ቀረ። እሱም ዳታቤዙ ሲነቃ «መጣሁ» የምትል ትንሽ ኮንቴይነር ሠርቶ «ችኩሏ» ብሎ ሰየማት።

እንጋባ ሲላት ግን አባቷ አልጋ ላይ ነበሩ። «እኔን ለማን ጥለሽ?» ይሏታል። «ትንሽ ጠብቀኝ» አለችው። ሁለት ዓመት ጠበቃት። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረባትም፤ ዛሬ አንጀቷን የሚበላት ይህ ነው። አባቷ «በይ ሂጂ ልጄ፣ መርቄሻለሁ» ያሏት እሁድ ከሰዓት ነበር። ሰኞ ልትነግረው እየከነፈች ቢሮ ገባች። እሱ መንገድ ላይ ልቡ ቆሞ ነበር።

ኃላፊያቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«በሽተኛው ተሰልፏል፣ ልጄ። ያቺን "ችኩሏ" የምትባለውን ባለፈው ሳምንት የቀልድ መስላኝ አጥፍቻታለሁ። እሷ ትሆን እንዴ?»

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ስክሪኑ ላይ በየአምስት ሴኮንዱ አንድ መስመር ይጨመራል፦ «እየጠበቅሁሽ ነው።» መስመሩን ታጋሹ ባለፈው ወር ያስገባው መሆን አለበት፤ ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም።

«ሠላሳ ሴኮንድ ገደብ አስገቢበትና ይለፍ» አሉ ኃላፊው።

ገደቡን ግን አላስገባችም። ዳታቤዙ መንቃቱን አየችና፣ የጠፋችውን ኮንቴይነር መልስ በእጇ ጻፈችለት፦ መጣሁ።

ጥበቃው ቆመ። አይታው የማታውቀው መስመር ወጣ፦

«አልዘገየሽም። በይ እንነሳ።»

የቀጠሮው ዝርዝር ተከፈተ። ኃላፊው «ጎሽ!» ብለው ወደ ሰልፉ ሮጡ። እሷ ከወንበሯ መነሳት አቃታት።