ከተሳቢው ጀርባ

እኔ እሱን የወደድኩት ከጭንቅላቱ ጀምሬ ነው። አትሳቁብኝ፤ የፀጉር ሥራ ሠልጣኝ ሰው የምታውቀው ከዚያ ጀምራ ነው።

ማዕከላችን በአንድ ግቢ ሦስት ሙያ ያስተምር ነበር። ከፊት እኛ የውበት ሠልጣኞች፣ ከኋላ ሜዳው ላይ የከባድ መኪና ተለማማጆች፣ ጥግ ካለው መጋዘን ደግሞ ዕቃ መረከብና መደርደር የሚማሩት። እኛ ሁለት ወር የፕላስቲክ ጭንቅላት ስንቆርጥ ከከረምን በኋላ የሰው ራስ አስፈለገን። በየረቡዑ ሾፌሮቹ በነፃ እንዲቆረጡ ይላኩልን ጀመር፤ እነሱም ፈራ ተባ እያሉ ይሰለፋሉ።

ለእኔ የደረሰኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጆሮውን ቆረጥኩት። ደሙን ሳይ መቀሱን ጣልኩት። እሱ ግን በመስታወቱ ቀና ብሎ አየኝና፣ «አይዞሽ፣ ሌላ አንድ አለኝ» አለኝ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለውም ሳምንት። የሚቆረጥ ፀጉር እስኪያጣ ድረስ ተመላለሰ፤ ጓደኞቹም «መላጣው» ብለው ስም አወጡለት። መምህሬ፣ ያቺ ቁጡ ሴትዮ፣ ጠጋ ብላ ይሄ ልጅ የሚመጣው ለፀጉሩ ነው ወይስ ለሌላ ጉዳይ ብላ ስትጠይቀኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ያወራነው በመስታወት ውስጥ ነው፤ እሱ ተቀምጦ፣ እኔ ከኋላው ቆሜ። ደጅ ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ ምላሳችን ይተሳሰራል፤ መስታወቱ ፊት ግን የማንባባለው አልነበረም። የኋላ ማርሽ ማስገባት እንደሚያስፈራው ነገረኝ፤ እኔም የሰው ጆሮ እንደሚያስፈራኝ። አንዳንዴ ዝም ብለን ብቻ እንተያያለን። ያ ዝምታ እስከዛሬ ይናፍቀኛል።

እናቴ የሰማች ዕለት ቤቱ ቀውጢ ሆነ። አባቴ ሾፌር ነበር፤ በዓመት ሁለቴ ብናየው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ለሁለት እያነጠፈች ለብቻዋ እንደተኛች ያን ቀን ነገረችኝ። «በእኔ ይብቃ፣ ልጄ» አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ያለችውን ለእሱም ነገርኩት።

ተመረቅን። እኔ ከማዕከሉ ማዶ ያለ የውበት ሳሎን ተቀጠርኩ፤ ለእሱ ሁለት ሥራ መጣለት። አንደኛው እዚሁ ከተማ ውስጥ ለሱቆች ዕቃ ማድረስ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ማታ ማታ ቤት ያስገባል። ሌላው ድንበር ተሻጋሪ ነው፣ የሁለት ዓመት ውል ያለው። ሳሎኑ ድረስ መጣና ተቀምጦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረው።

«እናትሽ ልክ ናቸው» አለ። «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከማዕከሉ መጋዘን ጭኜ እወጣለሁ። ከመጣሽ ቁልፉን አስረክቤ የከተማውን ሥራ እይዛለሁ። ካልመጣሽ መልስሽ ገባኝ ማለት ነው፤ ደውዬም አላስቸግርሽም።»

እሺም እምቢም አላልኩም። ምላሴን ምን እንደያዘብኝ እንጃ።

ሰኞ ጠዋት የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ግማሹን ቀለም ቀብቼ ሰዓቱን አየሁ። ልቤ አልቻለም። ይቅርታ እንኳ ሳልላት፣ ጋውኔን እንደለበስኩ ሮጥኩ።

ደረስኩ። ሞተሩ ተነስቶ፣ መኪናው ፊቱን ወደ ትልቁ በር አዙሯል። በኋለኛው በር ገባሁና ከተሳቢው ጀርባ፣ መሐል ለመሐል ቆምኩ። ሌላ የት ልቁም? በእኛ ሥራ በመስታወት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከኋላ የቆመ ሰው ነው። የመኪና ስፖኪዮስ መስታወት አይደል? እጄን አወዛወዝኩ። የፍሬኑ መብራት በርቶ ብዙ ቆየ። አየኝ ብዬ ሳቅኩ።

ከዚያ መብራቱ ጠፋና መኪናው ሄደ።

አይቶኝ ሄደ፤ የገባኝ ይሄ ነው። እንደ አባቴ መንገዱ በለጠበት አልኩ። ቁጥሩን ከስልኬ አጠፋሁት፤ ከጭንቅላቴ ግን ማን ያጥፋልኝ? በረደ ያልኩት ንዴት ማታ ማታ ናፍቆት ሆኖ ይመለሳል። የወንድ ፀጉር በቆረጥኩ ቁጥር ጆሮው ትዝ ይለኛል።

ዓመት ከሦስት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ወሬ የማይሰለቻት የመጋዘን ሠልጣኝ ፀጉሯን ልትታጠብ መጣች። ዛሬ መምህራችን ጉድ አሳየን አለች። ሠላሳ ተማሪ ከተሳቢ ጀርባ አሰልፎ፣ በየተራ ጋቢና እያስገባ በስፖኪዮ እንዲያዩ አደረጋቸው።

«አንድም ሰው አይታይም» አለች። «በሁለቱም ስፖኪዮ የተሳቢው ጎንና ጎን ብቻ ነው የሚታየው። ከተሳቢ ጀርባ የቆመ ሰው፣ ለሾፌሩ የለም።»

ውሃው እየፈሰሰ እጄ ደርቆ ቀረ። ምነው፣ ደህና ነሽ አለችኝ።

ማታውን ደወልኩ። ሃሎ ስል ድምፄን አወቀው።

«መጥቼ ነበር» አልኩት። «ያን ሰኞ። ከተሳቢው ጀርባ ቆሜ ነበር፤ የምታየኝ መስሎኝ።»

ሞተሩን ሲያጠፋ ተሰማኝ። ቆይቶ፣ ፍሬን ይዞ ሁለቱንም ስፖኪዮ እየተመላለሰ ሲያይ ዘበኛው ቶሎ ውጣ ብሎ እንደጮኸበት ነገረኝ። አልመጣችም ብሎ ሄደ። ከወር በፊት ደግሞ ቀለበት አስሯል፤ ጥሩ ልጅ ናት አለኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት።

«ታዲያ ለምን ደወልሽ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አልመጣችም እንዳልክ እንዳትኖር ብዬ።»

ከዚያ፣ «ምን ለብሰሽ ነበር?» አለኝ።

«ነጩን ጋውን። ቀለም ፈሶበት ነበር።»

«ፀጉርሽስ?»

«ስሮጥ ተፈታብኝ። ዓይኔ ላይ ነበር።»

«እሺ» አለ። ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ብዙ ቆየን፤ በኋላ እኔ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም። ያን ሰኞ ሲያስብ ግን ባዶ ግቢ አያይም፤ እኔን ያያል። ከእሱ የተረፈኝ ይሄ ብቻ ነው።