ቀዝቃዛ ሞተር፣ ዘጠና ዲግሪ

የቻናላችን ቤተሰቦች፣ ማስረጃ አምጣ እንዳትሉኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ እናቴ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነው። ሚስት ያለው፣ ዲግሪ ያለው፣ መኪናም ያለው ጎልማሳ እናቱ ሶፋ ላይ እግሩን አጥፎ የሚያድረው ተረት ሊፈጥርላችሁ ብሎ አይደለም።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ጅብ አልጮኸም፣ መብራት አልጠፋም።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው የገዛ ግቢዬ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር የቆመችው የገዛ መኪናዬ ውስጥ...

ነገሩ የጀመረው ከሊፕስቲክ ነው።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራው እዚያው ቤታችን፣ ግቢውን በሚያየው ክፍል ነው። እኔ በሰርቪስ ቢሮ እሄዳለሁ፣ መኪናዋ ለእሷ ትቀራለች። አንድ ማታ ዕቃ ሳጥብ (አዎ፣ አጥባለሁ) የሻይ ብርጭቆ አፍ ላይ ቀይ ሊፕስቲክ አየሁ። ቀና ብዬ ከንፈሯን አየሁት።

ንጹሕ ነው።

በማግስቱም እንደዚያው።

ቀን ትቀባዋለች... እኔ ልመጣ ስል ትጠርገዋለች።

ለማን?

አልጠየቅኋትም። የቀና ወንድ አይጠይቅም፣ ይመረምራል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬ የመኪናዋን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ማታ ማታ ማየት ጀመርኩ። ንቅንቅ አላለም። ግን ቆጣሪም ይነካካል፤ መኪና ሻጮችን ጠይቁ። የማይዋሽ ነገር ፈለግሁ።

የማይዋሽ ነገር የሞቀ ውሃ ነው። ሞተር ከተነሳ የራዲያተሩ ውሃ ይፈላል፣ ሞተሩ ቢጠፋም ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ይፈጅበታል። ቀን የትም ደርሳ ብትመለስ፣ ማታ ውሃው ይመሰክርባታል።

የውሃ ሙቀት መለኪያ ጌጅ ከነሴንሰሩ ገዛሁ። የገዛ ሚስቴን በራዲያተር ልሰልል!

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬን ጠራሁት። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል «ፊውዝ» እንለዋለን። ለባለቤቴ «አቀበት ላይ እየሞቀች አስቸገረችኝ» አልኳት። ለእሱ እውነቱን ነገርኩት።

ፊውዝ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ መሐሉ ላይ ቆረጠው። አጭር የብረት ቱቦ አስገባበትና ሁለቱን ጫፍ በማሰሪያ አጠበቀ። ሴንሰሩን ብረቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ጠምዝዞ አሰረው። አንድ ሽቦ ከብረቱ ወደ መኪናዋ አካል ሳበ። «ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ኔጋቲቭ አይሰጥም። ይቺን የረሳ ጌጁ ያብድበታል» አለኝ። ሌላውን ሽቦ ወደ ውስጥ አሾልኮ ዳሽቦርዱ ላይ ካስቀመጥነው ጌጅ አደረሰው።

«ኃይሉን ከቁልፉ ልስጠው?»

«አይ። በቀጥታ ከባትሪው።»

«ቁልፍ ሳይዞርም ይሠራልሃል እኮ።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ፒንሳውን አስቀምጦ አየኝ። «ስማ ወንድሜ... ይሄ የሚለካው የውሃ ሙቀት ነው። የትዳር አይደለም።»

«አንተ ሽቦህን እሰር።»

እስከዚህ ድረስ ስቁ። እኔም ስቄያለሁ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ወደ ቤት አልገባሁም። በቀጥታ በመኪናዋ መስኮት አጮለቅኩ።

ዘጠና ዲግሪ።

በሩን በርግጄ ወደ ቤት ገባሁ።

«የት ዋልሽ?»

«የት እውላለሁ? ማሽኔ ላይ ነዋ።» ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

ዛሬስ ያዝኩሽ! ብዬ ተመልሼ ወጣሁና ኮፈኑን በመዳፌ ነካሁት...

በረዶ።

ከፈትኩት። የራዲያተሩን ቱቦ ጨበጥኩት። እሱም ቀዝቃዛ። ከጎማዎቹ ሥር የረገፈው ደረቅ ቅጠል አንዱም አልተሰበረም።

ጌጁ ግን... ዘጠና።

ፊውዝ እየተራገመ መጣ። ሴንሰሩን ከነሽቦው ፈትቶ ቀዝቃዛ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረው፤ ጠቋሚው ወረደ። የሞቀ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ወጣ።

«ዕቃው ጤነኛ ነው» አለ።

መልሶ አሰረው። ጠቋሚው ቀስ... ቀስ ብሎ... ዘጠና ላይ ቆመ።

ፊውዝ ኮፈኑን ትቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ከጌጁ በስተኋላ ያሉትን ሽቦዎች ሊያይ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እግሩ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም።

«ይሄን ወንበር ማነው እንዲህ ወደ ኋላ የገፋው?» አለ በሹክሹክታ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ሚስትህስ?»

«እሷማ ከእኔም ታጥራለች።»

ቀና ብሎ የውስጡን ስፖኪዮ አየ። ስፖኪዮው ወደ ላይ ተቃንቷል። እኔም ሆንኩ እሷ ብንቀመጥ ጣራው ብቻ ነው የሚታየን።

«ወንድሜ... ጌጁን ልንቀለው።»

«አይነቀልም።»

«አንተ ሰው! ይሄ እኮ የሚስት ጉዳይ አይደለም...»

«ረጅም ነው ማለት ነው» አልኩ።

«ማን?»

«ሰውዬው። ረጅም ነው።»

ፊውዝ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ኮፈኑን እንኳ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሰርቪሱ ሲያልፍ ከሱቁ ጀርባ ቆምኩ። ረፋዱ ላይ በጓሮው በር ገብቼ፣ በመስኮቷ ሥር ጎንበስ ብዬ መኪናዋ ውስጥ ሾለክሁ። መኪናዋን ከአቧራ የምንሸፍንበት አሮጌ አንሶላ ኋላ ወንበር ላይ ነበር። ከፊትና ከኋላው ወንበር መሐል ወለሉ ላይ ተኛሁና ተከናነብኩት።

በአንሶላው ቀዳዳ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል ጌጁ ይታየኛል። ጠቋሚው ታች ነው።

ከቤት የልብስ ስፌት ማሽኗ ይሰማል። ትሰፋለች፣ ታቆማለች። ትሰፋለች፣ ታቆማለች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አቆመች።

ኮቴዋ መጣ። ልቤ አንሶላውን እያነሳ የሚጥለው መሰለኝ።

በሩ ተከፈተ። የሾፌሩ አይደለም... የተሳፋሪው። ገብታ ተቀመጠች። ሽቶ ተቀብታለች። በዓመት አንዴ ለሰው ሠርግ የምትቀባውን ሽቶ!

«ቆየሁብህ?» አለች።

ማንም አልመለሰም። ሞተሩ አልተነሳም።

ጠቋሚው ግን ተንቀሳቀሰ። አርባ...

ሳቀች። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከተጋባን ሰሞን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

«ተው እንግዲህ! የሚሰፋ ልብስ ትቼ እኮ ነው የመጣሁት...»

ስድሳ...

«እሱማ ሥራ ላይ ነው።» አዳመጠች። «አይ፣ እንደሱ አትበል። ክፉ ሰው አይደለም። በፊት ያስቀኝ ነበር። አሁን... ቤት ውስጥ እንደ ፖሊስ ነው የሚዞረው።»

ሰባ አምስት...

እውነቱን ልንገራችሁ። መፍራት ሲገባኝ ቀናሁ። ሾፌሩ ወንበር ላይ ሰው የለም፤ ባዶ እንደሆነ በዓይኔ በብረቱ አያለሁ። እኔ ግን ማሰብ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምን ብሎ ነው እንዲህ ያሳቃት? እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጣሁት ቃል ምንድነው?

ተነስቼ «እኔም እችላለሁ!» ልላት ምንም አልቀረኝም። አሁን ብነሳ፣ አሁን ይቅርታ ብላት ትመለሳለች ብዬ አሰብኩ።

«ምን?» አለች በድንገት።

ሰማንያ አምስት...

«ኋላ?»

ዘጠና።

አንሶላው ከፊቴ ላይ ተነሳ።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀይ ከንፈር... የተኳለ ዓይን... ይህን ያህል ቆንጆ እንደሆነች ረስቼው ነበር። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። እጄን ብቻ ዘረጋሁላት።

ረጅም ሰዓት አየችኝ። ፊቷ ላይ ድንጋጤ የለም፣ ቁጣ የለም፣ እፍረት የለም። ከዚያ ዘወር ብላ ወደ ሾፌሩ ወንበር ቀና አለች።

«ማንም የለም» አለችው።

አንሶላውን ቀስ አድርጋ ፊቴ ላይ መለሰችው። ለሬሳ እንደሚደረገው፣ እስከ አናቴ ድረስ።

በሩ ተዘጋ። ኮቴዋ ራቀ። የልብስ ስፌት ማሽኑ ጀመረ።

አይታኝ ነው ወይስ ሳታየኝ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አልደወለችም። እኔም አልደፈርኩም። የትኛው መልስ እንደሚሻለኝ እናንተ ንገሩኝ...

ብዙ ቆይቼ ከአንሶላው ውስጥ ወጣሁ። እግሬ ደንዝዟል። የኋላውን በር ልከፍት መያዣውን እየፈለግሁ፣ ሳላስበው ወደ ሾፌሩ ወንበር አየሁ።

ቀበቶው ታስሯል።

ወንበሩ ላይ ተጣብቆ አይደለም። ወደ ፊት ተወጥሮ፣ ከወንበሩ ርቆ፣ ባዶ አየር ላይ። ደረት እንዳቀፈ።

ቀስ ብሎ ይነፋል... ቀስ ብሎ ይሟሽሻል።

ይነፋል... ይሟሽሻል።

የበሩን መያዣ አገኘሁትና ሳብኩት። «ጠቅ» አለ።

ቀበቶው እንደተነፋ ቀረ... ከኋላው ድምፅ የሰማ ሰው ትንፋሹን እንደሚይዘው።